"ዲግሪ ይዘሽ መርፌ?" ለሚሉኝ ምን ልመልስ? ቅዳሜዬንስ እንዴት ላትርፍ?

የአራት ኪሎዋ (ጥያቄውን ያነሣችው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የምኖረው አራት ኪሎ፣ ከእናቴ ጋር ነው። ሥራዬን አልጠላውም። ደመወዙ ቤት ይደግፋል፣ ባልደረቦቼም ጥሩ ሰዎች ናቸው። ልቤ ያለው ግን ልብስ ላይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሽሮ ሜዳ የምሄደው ቀሚስ ለመግዛት ብቻ አይደለም። ጥለቱ ከመነኑ ጋር እንዴት እንደተጋጠመ፣ ጥልፉ ከደረት ወደ ታች ሲወርድ የት ላይ እንደሚቀጥን አያለሁ። ባለሱቆቹ "ምን ልስጥሽ?" ብለው እስኪሰለቻቸው ድረስ እቆማለሁ።

አሁን መማር እፈልጋለሁ። ልኬት፣ ቅድ፣ ስፌት፣ ከሥሩ። ሥራ ልልቀቅ አላልኩም። በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ቅዳሜን ብቻ ነው የምፈልገው።

ሁለት ነገር ያዘኝ። አንዱ የሰው አፍ ነው። አጎቴ "ማስተርስሽን ያዢ እንጂ! ዲግሪ ይዘሽ መርፌ?" አለኝ። ጓደኞቼ ለስለስ አድርገው ይናገሩት እንጂ ሐሳባቸው ያው ነው። ሌላው ራሱ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የእኔ ሆኖ አያውቅም። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ፣ "እስቲ ብቅ በይና አግዢኝ" አለ። ለሁሉም እሺ እላለሁ። እሑድ ማታ ስተኛ ሰውነቴ እንደዛለ ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የታክሲ ሰልፍ።

የማነቃቂያ ቪዲዮ አያለሁ፣ አልዋሽም። ማታ ልቤን ያሞቀዋል። ሲነጋ ግን የለም። እናንተ ከራሳችሁ ሳትርቁ የምትኖሩት በምን ብርታት ነው? በየቀኑ የምታደርጉትን ንገሩኝ። ትልቅ ምክር አልፈልግም።

---

ሹፌሩ

እህቴ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። "የምትወደውን ነገር ሥራ፣ ሌላው ይከተላል" የሚሉ ሰዎች ኪራይ ከፍለው አያውቁም ብዬ አምናለሁ። የዘንድሮን ኑሮ ታውቂዋለሽ። ደመወዝሽን እንዳትነኪ።

እንዲህ ስል ግን ተዪው ማለቴ አይደለም። አያቴ "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ትል ነበር። አጎትሽ ይህን ተረት ሳያውቁ አይቀሩም። መርፌውን ሁለተኛ ባላ አድርገሽ ንገሪያቸው። ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

---

ስፌት ቤት፣ ሽሮ ሜዳ

ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ስለዚህ ስለ ሙያው ልንገርሽ።

አጎትሽ "መርፌ" ሲሉ የታያቸው ቁልፍ መትከል ነው። አልፈርድባቸውም፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። የሀበሻ ቀሚስ መቅደድ ግን ሒሳብ ነው። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ቁመት ትለኪያለሽ። በዚያ ላይ የስፌት ትርፍ ትጨምሪያለሽ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ የእሱን ትተዪለታለሽ። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ጠርዙ ወዲያው መተርተር ይጀምራል፣ ቶሎ ኦቨርሎክ (የጠርዝ ስፌት) ካላደረግሽው ጥለቱ ድረስ ይሄዳል። ጥለቱን ሸማኔው ቀን ከሌት ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ያወጣው ነው። እዚህ ሰፈር ያሉት ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ አባቶችና ልጆቻቸው ናቸው። የእነሱን ድካም በመቀስ አንድ ጊዜ ካበላሸሽው መመለሻ የለውም። የሒሳብ ሰው ለዚህ ሥራ ቢመጣ ደስ ነው የሚለኝ።

መማር የሚጀምረው ከየት ነው ብትይኝ፣ ክር በሌለው የስፌት መኪና ወረቀት ላይ ነው። በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ላይ ትቀመጫለሽ። የደብተር ወረቀት ታስገቢያለሽ። መስመሩን ተከትለሽ ትረግጫለሽ። መርፌው ወረቀቱን እየበሳ ይሄዳል፣ መስመሩን ስትስቺ ቀዳዳው ያሳይሻል። ቀጥ ያለው ሲለምድሽ ክብ ትሞክሪያለሽ፣ ከዚያ ማዕዘን። እግርሽና እጅሽ እስኪስማሙ ድረስ ጨርቅ አይሰጥሽም። ይህን የሚታገሥ ሰው ሰፊ ይሆናል። ቸኩሎ ቀሚስ ልቁረጥ የሚል ብዙ አይቆይም።

---

ቤት ሙሉ

ጋሼ፣ የጻፉትን ሳነብ እኔም ልማር አሰኘኝ።

እህቴ፣ ስለ "እሺ" ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር። እምቢ በይ የሚሉሽ ይመጣሉ፣ እንዳመጣጣቸው አትቀበያቸው። ለሴት ልጅ፣ ያውም ከእናቷ ጋር ለምትኖር፣ እምቢ ማለት እንደሚወራው ቀላል አይደለም። እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ወሬው የሚደርሰው ግን እናትሽ ጋ ነው። "ልጅሽ ኮራች" ይባላሉ።

እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የራሴ የምለው ጊዜ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ከአምባሳደር እስከ መሥሪያ ቤቴ በእግር የምሄድበት ነው። ስልኬን ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ። ታክሲ ብይዝ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ አልይዝም። በዚያ መንገድ ላይ የማንም እናት፣ የማንም ሚስት፣ የማንም ሠራተኛ አይደለሁም። ለሌላ ሰው ትንሽ ይመስላል። እኔን ግን አቁሞኛል።

---

መምህር በጡረታ

ልጄ፣ እንደምን አለሽ። ቤት ሙሉ ያለችው እውነት ነው፣ በዚህ አገር ሰው ብቻውን አይኖርም። ብቻውን ቢኖርም ደስ አይለውም። ስለዚህ ከሰው በመሸሽ ራስሽን አታገኚም። ግን እስቲ ይህን አስቢ።

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ለብዙ ዓመታት አገልግያለሁ። ዕድር ከሰው ምን ይጠይቃል? የወር መዋጮ፣ ቀብር መገኘት፣ ድንኳን ሲተከል ማገዝ። የቀረ ይቀጣል። ሁሉም በመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፏል። ከዚያ ውጭ ዕድር ማንንም በቅዳሜ ጠርቶ "ብቅ በል" አይልም። ዕቁብም እንዲሁ ነው፣ ቀኑም መጠኑም ይታወቃል። አባቶቻችን ሲያቋቁሟቸው ልክ አበጁላቸው። ሰው የማይሰለቻቸው ልክ ስላላቸው ይመስለኛል።

አንቺን የሚያደክምሽ ልክ የሌለው ጥያቄ ነው። ቀን የለውም፣ መጠን የለውም፣ መጨረሻ የለውም። እናም ቅዳሜሽን እንደ ዕቁብ ቀን አድርጊው ነው የምልሽ። ሰው "ዕቁብ አለብኝ" ስትይው አይከፋም፣ "በይ ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ" ይልሻል። "ለራሴ ጊዜ ፈልጌ ነው" ካልሽው ግን ቅር ይለዋል። የሚጠብቅሽ ሰውና የታወቀ ሰዓት ያስፈልግሻል። ቤት ውስጥ ብቻሽን ልማር ካልሽ ቅዳሜሽ በሦስተኛው ሳምንት ይወሰዳል።

ለቅሶና የታመመ መጠየቅ ግን አይቀሩም። በዚህ ላይ አልደራደርም። ሰው በችግሩ ቀን ያላየሽ ከሆነ በሙያሽ ብትከብሪም ባዶ ቤት ነው የምትኖሪው። የባልደረባ ጎረቤት ክርስትና ግን ሌላ ነው። ደውለሽ "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ትምህርት ላይ ነኝ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቅ እላለሁ" ማለት ይበቃል። ብቅ እላለሁ ካልሽ ደግሞ ብቅ በይ።

---

ሹፌሩ

መምህር፣ እድሜ ይስጥዎት። ይህቺን ለሚስቴ አነበብኩላት።

---

66

ማነቃቂያው ማታ አሙቆ ጠዋት የሚጠፋበትን ምክንያት ልሞክር። ሥነ ልቦና ነው የተማርኩት።

"21 ቀን ከሠራህ ልማድ ይሆናል" ሲባል ሳትሰሚ አትቀሪም። ይህን የሚደግፍ ጥናት የለም። ለንደን ያለው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት አለ። 96 ሰዎች አንድ አንድ ትንሽ ነገር መርጠው በየቀኑ እንዲያደርጉ ተደረገ። አንዳንዱ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላትን፣ አንዳንዱ ከራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥን መረጠ። ነገሩ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ግን አማካዩ አያታልልሽ፣ በጥናቱ ስሌት ፈጣኑ 18 ቀን፣ ዘገምተኛው 254 ቀን ነው። የሰው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

እኔ ከዚህ ጥናት የምወደው ሌላውን ግኝት ነው። አንድ ቀን ማለፍ ሂደቱን አላበላሸውም። ያመለጣቸው ሰዎች በማግስቱ ሲቀጥሉ ልማዱ መገንባቱን ቀጠለ። እኛ ግን አንድ ቅዳሜ ለቅሶ ከሄድን "በቃ ተበላሸ" ብለን ሙሉ በሙሉ እንተወዋለን። አይበላሽም። የሚቀጥለው ቅዳሜ አለ።

ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ድርጊቱን ከሚታወቅ ሰዓት ወይም ከሌላ ድርጊት ጋር አስረውት ነበር፣ "ከምሳ በኋላ"፣ "ከቁርስ በኋላ" እያሉ። መምህር በዕቁብ ቀን ያሉት ይኸው ነው፣ እኔ ግን ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ከእርሳቸው ነው የገባኝ።

---

ነርስ ነኝ

ሁላችሁም ስለ ጊዜ ትናገራላችሁ፣ ስለ ሰውነት ማንም አላነሣም። እሑድ ማታ "ሰውነቴ እንደዛለ ነው" ያልሽው አሳሰበኝ።

እንቅልፍሽ ስንት ሰዓት ነው? አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። ቅዳሜና እሑድ ሰው ቤት ስትሄጂ ቡና እስከ በረካው ትጠጫለሽ። ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ግማሹ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይም ደምሽ ውስጥ አለ ማለት ነው። ቡና አትጠጪ አልልም፣ የማይሆን ነገር አላዝም። ከአሥር ሰዓት በኋላ አቦሉን ብቻ ተቀበዪ። ከቻልሽ ሥነ ሥርዓቱን ወደ ቀትር አምጡት።

እንቅስቃሴም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይቆጠራል። ቤት ሙሉ በየቀኑ የምትሄደው መንገድ ከዚህ ውስጥ ነው፣ እሷ ለመንፈሷ አለችው እንጂ ለልቧም ነው። አንቺ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ሙሉውን በእግር ሂጂ አልልም። መንገዱን ከፍለሽ ግማሹን ሂጂ።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ይህን የምጽፈው ለሚያነበው ሁሉ ነው። ድካም አለ፣ ከድካም ያለፈም አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ልባችሁ ከከፋ፣ ትወዱት የነበረውን ነገር ሁሉ ከጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ብርታት ስላጣችሁ ወይም ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም። ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ጤና ጣቢያ ሂዱና ለባለሙያው እንደዚሁ ንገሩ። ጸበልም ጸሎትም ከሕክምናው ጋር አይጣሉም።

---

የዶሮ ማነቂያ ልጅ

ነርሷ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ የመጨረሻው አንቀጽ ለእኔ የተጻፈ ያህል ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ ከተነሣን በኋላ ሰፈራችን በየአቅጣጫው ተበተነ። ቤቱ ብቻ መስሎኝ ነበር የሚናፍቀኝ። ኋላ ሳስበው ግን ጠዋት ስወጣ "ደህና አደርክ" የሚሉኝ ሰዎች ናቸው። አዲሱ ሰፈር ሊፍት ውስጥ ማንም ማንንም አያናግርም። ወራት አለፉ፣ እኔም ማናገር ተውኩ። ቀልደኛ ነበርኩ፣ ቀልዴ ጠፋ። ራስን ማጣት ማለት እንዲህ ነው የመሰለኝ፣ የሚያውቁህ ሰዎች ሲበተኑ አንተም አብረህ ትበተናለህ።

አሁን የድሮ ልጆች እሑድ እሑድ ጠዋት እንገናኛለን። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" ቀን ሲሆን መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፣ መስቀል አደባባይ እንሄዳለን። ሌላ ጊዜ ቸርችልን ከላይ እስከ ለገሃር እንወርዳለን፣ ከዚያ ማኪያቶ። የሚቀር ሰው የሁሉንም ማኪያቶ ይከፍላል፣ ይህ ደንባችን ነው። መምህር፣ ሳናውቀው ዕድር አቋቁመናል ማለት ነው።

---

ደረጃው ላይ

መስቀል አደባባይ ስትመጡ ደረጃው ላይ የምንሮጠውን ሰላም በሉን! ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነን።

"ዲግሪ ይዘሽ መርፌ" የሚለውን ሳነብ ደራርቱ ቱሉ ትዝ አለችኝ። ሁላችንም የምናስታውሰው የ1984ቱን ባርሴሎና ነው፣ 10 ሺህ ሜትር፣ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት። እኔ የማስበው ግን መካከሉን ነው። በ1988 አትላንታ ላይ ጉዳት ይዟት 4ኛ ወጣች። ልጅ ወለደች። ስንቱ "አበቃላት" ብሎ ይሆን? መስከረም 1993 ሲድኒ ላይ ወርቁን መልሳ ወሰደች። ደግሞ በ37 ዓመቷ፣ ጥቅምት 2002 የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። በእነዚያ ዝም ባሉ ዓመታት ጠዋት ጠዋት ተነሥታ የሮጠችውን ማንም በቴሌቪዥን አላየውም።

የአራት ኪሎዋ፣ አንቺም አሁን ያለሽው ማንም በማያይበት ዘመን ላይ ነው። የወረቀቱን ስፌት ማንም አያጨበጭብልሽም። አጎትሽ ቀሚሱን ሲያዩ ያን ጊዜ ይናገራሉ።

---

ንባብ ቤት

ለሚጠብቃት ሰው ለሌላት፣ ወይም ሰው ሲበዛባት ለሚጨንቃት አንድ ሐሳብ አለኝ። እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ ቤታችን ደግሞ ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ፣ ለአንቺ ጎረቤት ነው። እዚያ ስገባ ማንም አያናግረኝም፣ ግን ብቻዬን አይደለሁም። ዙሪያዬን ሁሉ ሰው አጎንብሶ ያነባል፣ የእነሱ ትጋት እኔንም ይይዘኛል። ቤት ለማንበብ ስሞክር ግማሽ ገጽ ላይ የምተኛ ሰው እዚያ ሰዓቱ ሲያልፍ አይታወቀኝም። የጥልፍ ንድፍ መሣል ከፈለግሽ ደብተርና እርሳስ ይዘሽ ብትሄጂ ቦታው ይመቻል።

---

የአራት ኪሎዋ

ሁላችሁንም አነበብኩ። አንዳንዱን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

የሆነውን ልንገራችሁ። መምህር ስለ ዕድር የጻፉትን ስትሰማ እናቴ ዝም አለች። ከዚያ "ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ቅዳሜ የምይዝሽ ቤት ውስጥ ሰለቸሽ ብዬ ነው" አለችኝ። ለካ እሷም ለእኔ ብላ ነው ግብዣውን ሁሉ የምትቀበልልኝ! ቁጭ ብለን የሚቀሩትንና የማይቀሩትን ለየን። ለቅሶ፣ ሕመም፣ የቅርብ ዘመድ ሠርግ፣ እነዚህ አይነኩም። ሌላውን እሷ "ልጄ ትምህርት ላይ ናት" ብላ ልትመልስልኝ ነው። ከእሷ አፍ ሲወጣ ማንም ኮራች አይለኝም።

ለአጎቴ ደግሞ የሹፌሩን ተረት ነገርኩት። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። "ሁለተኛው ባላ እስኪተከል የመጀመሪያውን እንዳትነቅዪ" አለኝ። ለአጎቴ ይህ ምርቃት ነው።

ነርሷ፣ እንቅልፌ በቀን 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ቡናውን ወደ ቀትር ልናመጣው ነው፣ እናቴ ማታ ማታ ልቧ ይመታ ስለነበር እሷም ደስ አላት።

ጋሼ፣ ስፌት ቤት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪ ይቀበላሉ?

---

ነርስ ነኝ

የእናትሽን ልብ ምት በቡና ብቻ አትለፊው። ግፊቷን አስለኪ፣ ጤና ጣቢያ ወስደሽ። ከዚህ ሳምንት እንዳያልፍ።

---

ቤት ሙሉ

"ልጄ ትምህርት ላይ ናት።" እናትሽን ሳሚልኝ።

---

ስፌት ቤት፣ ሽሮ ሜዳ

ልጄ፣ እቀበላለሁ። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። ሁለት መኪና አለኝ፣ አንዱ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለውም። መቀስ እንዳትገዢ፣ የእኔን ትለምጃለሽ፣ ከዚያ የእጅሽን መጠን አይተን ያንቺን እንመርጣለን። ባለ መስመር ደብተር፣ ሜትርና እርሳስ ያዢ። ጥፍርሽን አሳጥሪ፣ ረጅም ጥፍር ጨርቁን ይስባል። ክፍያውን ስትመጪ እንነጋገራለን፣ ደሞዝሽን የሚያናጋ አይደለም። አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።

ለቅሶ ካለብሽ ደውይ። ለሌላው ግን እኔም እንደ ዕድራችን ቅጣት አለኝ፣ የቀረ ተማሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሁሉንም ጠርዝ ኦቨርሎክ ያደርጋል።

---

ንባብ ቤት

ጋሼ፣ "ሁለት መኪና አለኝ" ብለዋል። ሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ክፍት ነው? እህቴ ሥራ ፈትታ ቤት ተቀምጣለች፣ እጇ ጥሩ ነው።

---

ስፌት ቤት፣ ሽሮ ሜዳ

ጠዋት ደንበኛ ይበዛል። ከሰዓት ከአራት ኪሎዋ ጋር ትምጣ፣ በተራ ይቀመጣሉ።